ቻርሊን የለቀቅንበት ቀን

በየወሩ የመጀመሪያው ረቡዕ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ የከተማችን ሳይረኖች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ። ለሙከራ ነው፤ ቶርኔዶ የሚባለው አውሎ ነፋስ ቢመጣ በትክክል መሥራታቸውን ለማረጋገጥ። ባለፈው ረቡዕ እዚሁ ኢገን ውስጥ ከአንድ ሱቅ ፓርኪንግ እየወጣሁ ነበር። ልጄ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ቺፕሱን ይበላል። ጩኸቱ ሲጀምር ሳላስበው ፍሬኑን ረገጥኩት። ከኋላዬ የነበረው ሰው ጥሩምባውን አንባረቀብኝ።

«ማሚ፣ ቴስት እኮ ነው» አለኝ ልጄ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ስቶፕ አደረግሽ?»

ሚኒሶታ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ያን ድምፅ እየሰማ እንዳልሰማ ያልፈዋል። እኔም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው ነኝ። ሙቀቱ ከብዶ፣ ንፋሱ ቆሞ፣ ቅጠል የማይንቀሳቀስበት ቀን ከሆነ ግን ያ ድምፅ ይዞኝ ይሄዳል። የሚያደርሰኝም ሁልጊዜ እዚያው ነው፤ አንድ የበቆሎ ማሳ ዳር፣ አንድ ደረቅ ቦይ አፋፍ ላይ።

ነገሩ ሲጀምር ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበርኩ። ፎርት ስኔሊንግ አጠገብ ባለው ኤርፖርት ዊልቸር እገፋ ነበር፤ መራመድ የሚያቅታቸውን መንገደኞች ከአውሮፕላኑ በር ተቀብሎ ታክሲ ድረስ ማድረስ ነው ሥራው። የምኖረው ኢገን ውስጥ ከአክስቴ ከከድጃ ጋር ነበር። ከፈረስ ጋር የሚያገናኘኝ አንዳች ነገር አልነበረም። መርካቶ ጀርባ ላደገች ልጅ ፈረስ ማለት ጋሪ የሚጎትት፣ ጀርባው የተላጠ፣ ዓይኑን ዝንብ የወረረው እንስሳ ነው። አዝንለት እንደሆን እንጂ ልቀመጥበት አስቤ አላውቅም።

ካረንን ያገኘኋት በዚያው ዊልቸር ነው። ስልሳ ዓመት የሚሆናት ቀጭን ሴት ናት፤ ፀሐይና ንፋስ ብዙ ዓመት ፊቷ ላይ የተፈራረቁባት። እግሯ እስከ ጉልበቷ በጀሶ ታስሯል። በአማርኛ ቢሆን አንቱ እላት ነበር፤ በእንግሊዝኛ ግን ትልቁም ትንሹም አንድ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት በረጅሙ ኮሪደር እየገፋኋት።

«ከፈረስ ወድቄ።»

«ውይ! እንግዲህ ሁለተኛ አትወጪበትም።»

ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ጀሶው በተፈታ በማግስቱ ነዋ የምወጣው» አለች።

ታክሲ እስክትሳፈር ድረስ ስለ ፈረሶቿ ስታወራኝ ነበር። ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ጫፍ ላይ፣ የሚሲሲፒ ወንዝ ቁልቁል ከሚታይበት ገደል ብዙም ሳይርቅ ጋጣ አላት። ልጆችን ግልቢያ ታስተምራለች። እግሯ ከተሰበረ ወዲህ ግን ጋጣውን የሚጠርግላት አጥታለች። ስንሰነባበት ክንዴን ጨበጥ አድርጋ፣ «ፋንድያ ከጠረግሽልኝ ግልቢያ አስተምርሻለሁ» አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

እንዲህ ነው የተጀመረው። ከጠዋት ሺፍቴ ስወጣ የሜንዶታን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ካረን ድራይቭ አደርጋለሁ። በብርዱ ወራት የፈረሶቹ ትንፋሽ ጋጣውን እንደ ጉም ይሞላዋል፤ የውኃ ባልዲያቸው ላይ የጋገረውን በረዶ በመዶሻ ቀጥቅጬ እሰብራለሁ። በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ጭቃው ጫማ ከእግር ላይ ያወልቃል። ሰመር ላይ ድርቆሽ ሲገባ ክንዴ እስከ ክርኔ ይቧጨራል። አክስቴ ከድጃ ከበር ላይ ቆማ፣ «ይሄን ሽታ ይዘሽ ቤቴ አትገቢም! ሰው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ፋንድያ ይጠርጋል?» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ስለዚህ የጋጣ ልብሴ ከመኪናዬ ኋላ አይወጣም ነበር፤ ለሶላት የምለብሰው ሌላ፣ ለፈረስ የምለብሰው ሌላ።

መጀመሪያ የወጣሁበት ፈረስ ቻርሊ ነው። አምባላይ፣ ነጭ ፈረስ ነበር፤ ዕድሜው የገፋ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ፣ ጆሮው ጫፍ ላይ ትንሽ ቆረጥ ያለች ቦታ ያለችበት። ካረን ዘንድ የመጣ ጀማሪ ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚማረው። ሻሼን አጥብቄ አሰርኩ፣ ሄልሜት ደፋሁበት፣ ዛቡን፣ ያን የልጓሙን ጠፍር፣ ጨብጬ እርካቡን ረግጬ ወጣሁ። መሬቱ ራቀኝ። ሶምሶማ ሲጀምር ግራና ቀኝ ተንገላታሁና ወደቅሁ። አሸዋ ላይ ተዘርሬ ቀና ስል ቻርሊ እዚያው ቆሟል፤ አንድ እርምጃ አልሄደም። አንገቱን ቁልቁል ሰዶ ያየኛል። «ሲወድቁበት ይጠብቃል» አለችኝ ካረን። «እንዲህ ያለ ፈረስ በገንዘብ አይገኝም።»

ዓመታት አለፉ። ታላቅ ጋላቢ አልወጣኝም። አንድ እሑድ በአካባቢው ትንሽ ውድድር ገብቼ ከመጨረሻው ሁለተኛ ወጣሁ፤ ካረን ያለችኝ «ፈረሱ ግን ቆንጆ ነበር» ብቻ ነው። ትዕግሥት ግን ነበረኝ። ጉልበቱ የሚንቀጠቀጥን ልጅ ማረጋጋት እችልበት ነበር። እና ካረን የቅዳሜ ጀማሪዎችን ለእኔ ተወችልኝ።

ከተማሪዎቼ አንዷ ሰሚራ ናት። አባቷ ጋሽ ኑሩ የደሴ ሰው ናቸው፤ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ። ሥራ ቦታ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። አንድ ቀን ቡናቸውን እየጠጡ፣ «ይቺ ልጅ ፈረስ ፈረስ እያለች አበደችብኝ እኮ» አሉኝ።

«ያምጧታ ጋሽ ኑሩ። ከእኔ ጋር ናት።»

አመጧት። ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስ አጥሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው ቀሩ። ሲሄዱ ጠጋ ብለው፣ «ዘሀራ፣ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። አማና ነው የምሰጥሽ» አሉኝ። አማና በእኛ ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም፤ የተቀበሉትን እንደተቀበሉት መመለስ ማለት ነው።

ሰሚራ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ቀጭን ናት፤ በአማርኛ ስትጠየቅ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ቻርሊን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የእሷ አደረገችው። ከትምህርቱ በፊት ቀድማ መጥታ ጋማውን ትጎነጉንለታለች፤ ከትምህርቱ በኋላ ጆሮው ውስጥ የሆነ ነገር ታንሾካሹክለታለች። ምን እንደምትለው አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም።

ያ ቅዳሜ የሐምሌ ቅዳሜ ነበር። ከጠዋቱ ጀምሮ አየሩ ቆዳ ላይ ይለጠፋል። ቴሌቪዥኑ ወደ ምሽት ላይ ከባድ የዝናብና የንፋስ ማዕበል ሊኖር እንደሚችል ተናግሮ ነበር። ካረን መኖ ልትገዛ ስትወጣ ከመኪናዋ መስኮት ብቅ ብላ፣ «ወደ ምዕራብ ወደ ምዕራብ እያየሽ» አለችኝ። አየሁ። ሰማዩ ነጭና ጭጋጋማ ከመሆኑ በቀር ምንም አልነበረበትም።

የዚያን ቀን ተማሪዎቼ ሦስት ልጆች ነበሩ፤ ሰሚራ፣ እና ኬቲና ሜጋን የሚባሉ የጎረቤት እህትማማቾች። ጋሽ ኑሩ በፎይል ጠቅልለው የላኩትን ሳምቡሳ ጥላ ሥር ተካፈልን። ኬቲ ቃሪያው አቃጥሏት ውኃ ስትለምን ሳቅን። ከዚያ ኮርቻ ጭነን ወጣን። እኔ ሞሊ በምትባል ዳማ ባዝራ ላይ ከፊት፣ እህትማማቾቹ ከኋላዬ፣ ሰሚራ በቻርሊ ላይ ከመጨረሻ።

መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ከጋጣው ተነስቶ በትልልቅ ዛፎች ሥር ያልፋል፣ ከዚያ የጎረቤቱን የሽቦ አጥር ታክኮ የበቆሎውን ማሳ ይዞራል፣ መጨረሻው ወንዙ የሚታይበት ገደል ነው። ስንመለስም በዚያው ነው። በቆሎው ከልጆቹ ጭንቅላት በላይ ደርሶ ነበር። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን ወንዙን አየን፤ አንዲት ጀልባ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ወንዙ ያለው በምሥራቅ ነው። ምዕራቡ ከኋላችን፣ ከበቆሎውና ከዛፎቹ ጀርባ ነበር።

መጀመሪያ ያወቀችው ሞሊ ናት። ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ቆለመመች፤ ከዚያ አንገቷ ከሥሬ እንደ እንጨት ደረቀ። ወፎቹ ዝም ብለዋል። ቅድም የበቆሎውን ቅጠል ሲያንሿሿ የነበረው ንፋስ ጠፍቷል። ፈረሴን አዞርኩና ቀና አልኩ።

ሰማዩ ግማሹ ጥቁር ሰማያዊ ሆኗል። ከሥሩ ደግሞ፣ ከዛፎቹ ጫፍ ከፍ ብሎ፣ አረንጓዴ ነው። የቅጠል አረንጓዴ አይደለም፤ የመረቀዘ ቁስል ዓይነት። እንዲህ ያለ ቀለም ሰማይ ላይ አይቼ አላውቅም።

«ልጆች፣ ወደ ቤት እንመለሳለን» አልኩ። ድምፄን እንደ ወትሮው ለማድረግ ሞከርኩ። «በእርምጃ። ማንም አይሮጥም። ዛቡን አጠር አድርጋችሁ ያዙ።»

«ዝናብ ሊመጣ ነው?» አለች ሜጋን።

«ትንሽ።»

የበቆሎውን ጥግ እንደዞርን ሳይረኑ ጮኸ። ከከተማው በኩል ነው የመጣው፤ መጀመሪያ ቀጭን ሆኖ፣ ከዚያ እየወፈረ። ቀኑ ቅዳሜ ነው እንጂ ረቡዕ አይደለም። ሙከራ አይደለም ማለት ነው። የኬቲ ፈረስ ወደ ጎን ዘለለ፤ ኬቲ ኮርቻው ላይ ተንጠልጥላ ጋማውን ይዛ ተረፈች።

ፈረስ ሲፈራ ወደ ቤቱ ነው የሚሮጠው። ቤታችን ደግሞ ከዛፎቹ ወዲያ ማዶ ነው። አራቱም ፈረሶች አንገታቸውን ወደዚያው ቀጥ አድርገው፣ ልጓሙን እየነከሱ አረፋ ይደፍቃሉ። በእርምጃ ከሄድን ማዕበሉ ዛፎቹ ሥር ያገኘናል። ከሮጥን ሦስቱም ልጆች ኮርቻው ላይ አይቆዩም፤ ሶምሶማ እንኳ ገና መልመዳቸው ነው። ካረን ድሮ ያለችኝ ትዝ አለኝ። «ሜዳ ላይ ከያዘሽ ውረጂ። ኮርቻውን ተይው፣ ልጓሙን ግን አውልቂ፤ ዛቡ እንዳይጠልፋቸው። ከዚያ ልቀቂያቸው። እንዳታስሪያቸው። ፈረስ ሰው ከሌለበት ራሱን ያድናል።»

ያኔ የሰማሁት በረጋ ቀን፣ በሞቀ ጋጣ ውስጥ ሆኜ ነው። የሰው ፈረሶችን፣ ካረን ከልጅ ለይታ የማታያቸውን ፈረሶች፣ ሜዳ ላይ ልበትናቸው ነው ወይ? ንፋሱ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ቀዝቃዛ ሆኖ። በቆሎው ባንድ ጊዜ ወደ መሬት ጎነበሰ።

«ውረዱ!» አልኩ። «ሁላችሁም አሁኑኑ ውረዱ!»

ከመንገዱ ሥር ከማሳው ውኃ የሚወርድበት ደረቅ ቦይ ነበር። የሞሊን ልጓም አውልቄ ለቀቅኋት። የኬቲንና የሜጋንን ፈረሶችም ልጓም አወለቅሁና ልጆቹን ቦዩ ውስጥ አስገባኋቸው። «ተኙ! በሆዳችሁ! እጃችሁን ማጅራታችሁ ላይ!» ፈረሶቹ ሲሮጡ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ወደ ሰሚራ ስዞር ወርዳለች፤ ግን የቻርሊን ዛብ እጇ ላይ ጠቅልላ፣ በሌላ ክንዷ አንገቱን አቅፋ ቆማለች።

«ልቀቂው ሰሚራ!»

«ኖ! ፈርቷል! አይታይሽም?» አለች በእንግሊዝኛ። «ከእኔ ጋር ይሁን!»

መጀመሪያ የወረደው በረዶ የሽምብራ ፍሬ ያክላል። ወዲያው ትልልቁ መጣ፤ ሄልሜቴ ላይ ሲያርፍ ጭንቅላቴ ውስጥ ጮኸ። ቻርሊ አንገቱን ወደ ላይ ሰቀለ፤ ሰሚራ ከመሬት ተነሳች። የልጓሙን ማሰሪያ ለመያዝ ተንጠራራሁ፤ አልደረስኩበትም። እንደገና ሞከርኩ፤ ክንዷ መካከላችን ነው። ከቦዩ ውስጥ እህትማማቾቹ ስሜን እየጠሩ ያለቅሳሉ። ሜጋን ለመነሳት ስትሞክር በዓይኔ ጫፍ አየኋት።

ያን ጊዜ መምረጥ ነበረብኝ። ልጓሙን ተውኩትና የሰሚራን እጅ ያዝኩ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈለቀቅሁ። ትንሽ እጅ እንዲያ ጉልበት ይኖረዋል ብዬ አላስብም ነበር። ነከሰችኝ። የመጨረሻው ጣቷ ሲለቅ ቻርሊ ዞረ፤ ዛቡን መሬት ለመሬት እየጎተተ፣ በረዶው ጀርባው ላይ እየነጠረ፣ ነጭነቱ በነጩ ውስጥ ጠፋ። ልጅቷን በወገቧ አንስቼ ይዣት ቦዩ ውስጥ ወደቅሁ።

በሦስቱም ላይ ተኛሁባቸው። የንፋሱ ድምፅ ኤርፖርት ሜዳው ላይ ስንሠራ የሚያልፍብን የአውሮፕላን ሞተር ነው የሚመስለው፤ ልዩነቱ፣ ይሄኛው አያልፍም። በረዶው ጀርባዬን፣ ክርኔን፣ ቁርጭምጭሚቴን ይደበድበኛል። ቦዩ ውኃ መያዝ ጀመረ፤ መጀመሪያ ክርናችንን፣ ከዚያ ሆዳችንን ነካ። ልጆቹን ካነሳኋቸው ንፋሱ አለ፤ ካላነሳኋቸው ውኃው አለ። አያተል ኩርሲን፣ ለጥበቃ የሚቀራውን የቁርኣን አንቀጽ፣ መቅራት ጀመርኩ። መሃሉ ላይ ስደርስ ጠፋኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው፤ ግን ጠፋኝ። እንደገና ከመጀመሪያው ያዝኩ፤ እዚያው ላይ ስደርስ ጠፋኝ። ከደረቴ ሥር የሰሚራ ድምፅ ከጠፋኝ ቦታ ተቀብሎ ቀጠለ። እስከ መጨረሻው አደረሰችው።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። በረዶው ወደ ዝናብ፣ ዝናቡ ወደ ካፊያ ተለወጠ። ቀና ስል ሜዳው ነጭ ሆኗል፤ በሐምሌ ወር። የተቀጠቀጠ በቆሎ ሽታ አየሩን ሞልቶታል። የልጆቹን ፊት፣ እጅ፣ እግር አገላብጬ አየሁ። ሜጋን ጆሮዋ ላይ ትንሽ ደም አለ። ሌላ ምንም የለም።

በእግራችን ጀመርን። ከዛፎቹ አንዱ መንገዱ አጠገብ ተገንድሷል፤ ቅርንጫፎቹን እየዘለልን አለፍን። ያኔ ነው የካረን መኪና በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተተ የመጣው። ወርዳ በዓይኗ ልጆቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጠረች። ከዚያ ነው የተነፈሰችው።

«ሦስቱ ፈረሶች ገብተዋል» አለች። «ቻርሊስ?»

እኔ አላየሁትም ነበር። ያየችው ሰሚራ ናት፤ ጣቷን ብቻ ቀሰረች። ከሽቦው አጥር ጥግ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቆሟል። ሲሮጥ ዛቡ እግሩ ሥር ገብቶ ጠልፎታል፤ ሽቦው ላይ ወድቋል። ተነስቶ ቆሟል፤ ግን የሚቆመው በሦስት እግሩ ነው። የፊት እግሩን ከጉልበቱ በታች ሳየው ዓይኔን መለስኩ።

«ልጆቹን ቤት አስገቢ» አለች ካረን። ድምፅዋ ቁጣም ኀዘንም አልነበረበትም።

በካረን ወጥ ቤት ውስጥ ልጆቹን በፎጣ ጠቅልዬ አስቀመጥኳቸው። ካካዎ አፍልቼ ሰጠኋቸው፤ አንዳቸውም አልቀመሱትም። የእንስሳት ሐኪሙ መኪና ሲገባ በመስኮቱ አየን። እህትማማቾቹን እናታቸው መጥታ ወሰደቻቸው። የሐኪሙ መኪና ቆይቶ ሲወጣም አየን። እግሩ እንዲያ የተሰበረ ፈረስ አይድንም፤ ሐኪሙ ቻርሊን በመርፌ አሳርፎት ነው የሄደው። ካረን ገባች፤ የቻርሊን ልጓም በእጇ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ ለምን አልወለቀም?»

ሰሚራ ፎጣዋን እስከ አፏ ስባ፣ ዓይኗን ልጓሙ ላይ ተክላ ተቀምጣለች። ምን ልበል ብዬ አላሰብኩም። ከአፌ ወጣ።

«ረሳሁት።»

«ነግሬሽ ነበር» አለች ካረን። «አሥር ደቂቃ መንገድ ነበር የቀራችሁ።» ከዚያ ተመልሳ ወጣች።

ጋሽ ኑሩ ሲደርሱ የታክሲያቸው የፊት መስታወት ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ማዕበሉን በሬዲዮ ሰምተው በበረዶው ውስጥ ነው የመጡት። ልጃቸውን ከራሷ ጀምረው ትከሻዋን፣ ክንዷን፣ ጣቶቿን ዳበሱ፤ ሙሉ መሆኗን በእጃቸው ካላረጋገጡ የማያምኑ ይመስል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አማናዬን መለስሽልኝ ዘሀራ። አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ» አሉኝ። «ፈረስ ግን ከእንግዲህ በቃን።»

ሰሚራ ስትወጣ አላየችኝም። መኪናው ውስጥ ገብታ ፊቷን ወደ ማዶ አዞረች። ይህቺ ልጅ ፈረሷን የገደልኩባት እኔ እንደሆንኩ ታውቃለች ብዬ አሰብኩ።

ቶርኔዶው እኛ ዘንድ መሬት አልነካም። ከወንዙ ማዶ ሰማይ ላይ ታይቶ ተበተነ ተባለ። ፈረስ የሚያውቁ ሰዎች፣ «እኔ ብሆን ወደ ቤት እጋልብ ነበር» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ያ የተገነደሰ ዛፍ የወደቀው ከመንገዱ ላይ ሳይሆን ከመንገዱ አጠገብ ነው፤ መቼ እንደወደቀም የሚያውቅ የለም። ካረን ታባርረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። በየቀኑ እየሄድኩ ጋጣ ጠረግሁ፤ የቻርሊን ባዶ ጋጣ ጭምር። አታናግረኝም ነበር። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር አንድ ቀን የሞሊን ዛብ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝና፣ «ቅዳሜ አዲስ ጀማሪዎች ይመጣሉ» አለች። ስለዚያ ቀን ከዚያ ወዲህ አላነሳንም።

ካረን አርጅታ መሬቱን ሸጠችው። የበቆሎው ማሳ ዛሬ የመኖሪያ ቤት ነው፤ ቦዩ የነበረበት ላይ የሰው ጋራዥ አለ። እኔ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከኢገን ወደ ደቡብ ወጣ ብሎ ባለ ሌላ ጋጣ ጀማሪዎችን አስተምራለሁ። ጉልበቴ ያመኛል፤ ልጄ ደግሞ እንደ አክስቴ አፍንጫውን ይይዛል።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ፣ ኮርቻ እየጫንኩ ሳለ አንዲት ሴት ትንሽ ልጅ በእጇ ይዛ መጣች። የሆስፒታል የሥራ ልብስ ለብሳ፣ ሻሿን በጥድፊያ ጠምጥማለች። ዓይኗን ሳይ አወቅኋት። ተቃቀፍን። ልጇ ስድስት ዓመቷ እንደሆነ፣ ጋሽ ኑሩ ጡረታ ወጥተው እንደሚያንጎላጁ ነገረችኝ። ልጅቷ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ፈረሶቹን ታያለች።

«ያን ቀን ለካረን 'ረሳሁት' አልሻት» አለችኝ ሰሚራ በአማርኛ።

«አዎ።»

«አልረሳሽም። ልጓሙን እንዳታወልቂው ያደረግሁሽ እኔ ነኝ። እዚያው ተቀምጬ ስትዋሺልኝ ሰማሁ።»

«ልጅ ነበርሽ ሰሚራ።»

«አውቃለሁ። ቢያውቅ ኖሮ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚለኝ። ግን ማንም አላወቀም። አባቴ አቀፈኝ፣ አንቺ ዝም አልሽ። አንድ ሰው ቢቆጣኝ ኖሮ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር።» ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ፊትሽን ማየት ያቃተኝ ለዚያ ነው።»

«እኔ ደግሞ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር» አልኳት።

«አንቺን? ምን አድርገሽ?»

«ረሳሁት» የሚለውን ቃል ከአፌ ያወጣሁት ልጅቷን ከሸክም ላድን ብዬ ነበር። ለካ ሸክሙን ከእሷ ላይ አላነሳሁትም፤ ብቻዋን እንድትሸከመው ነው ያደረግሁት። ሰው ለሰው አዝኖ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ፤ ዝምታው ግን ወዲያ ማዶ ሲደርስ ምን መስሎ እንደሚሰማ ዝም ያለው ሰው አያውቅም። ይህን የተረዳሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ዛሬ ተመልሼ ያ ቦይ አፋፍ ላይ ብቆም ጣቶቿን እንደገና እፈለቅቃለሁ፤ በዚያ አልጠራጠርም። በማግስቱ ግን ቤቷ ድረስ እሄድ ነበር። ስለ ቻርሊ አብረን እናለቅስ ነበር።

እና አለቀስን፤ ዘግይተንም ቢሆን። ቀጥሎ ደግሞ ሳቅን። ቻርሊ የኮርቻው መቀነት ሲታሰርበት ሆዱን ነፍቶ ያታልለን እንደነበር አነሳሁ። እሷ ደግሞ የካረንን ባርኔጣ ከጭንቅላቷ ላይ ነጥቆ የበላ ዕለት ካረን የተሳደበችውን ስድብ ደገመችው። ቆሞ ሲያንቀላፋ እንደሚያንኮራፋ፣ ሙዝ ሲያይ ከንፈሩን እንደሚገለብጥ፣ አንዱን ስንጨርስ ሌላውን እየጀመርን፣ አንዳችን የሌላችንን አፍ እየተሻማን አወራን።

ልጅቷ ከአጥሩ ወርዳ መጣች። «ሁ ኢዝ ቻርሊ?» አለች፣ አንዴ እናቷን አንዴ እኔን እያየች።

ሰሚራ ተንበርክካ አቀፈቻት። «ነይ፣ ሁሉንም እነግርሻለሁ» አለቻት።